የ«የለም» መዝገብ

አምስት ዓመት ልማር ገብቼ፣
ነጭ ጋውን ደርቤ፣ ከመስኮቱ ፍርግርግ ኋላ ቆሜ፣
በመጀመሪያው ሳምንት የለመድኩት አንድ ቃል ነው፤
የለም።

በመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ፈተና ላይም አይመጣም።
አፌ ግን ቶሎ ለመደው፤ ሰው ፊት እንደሚያመልጥ ሳል
ማዘዣውን አንብቤ ሳልጨርስ ይወጣል።

ከኩታበር የመጣው ሰውዬ፣ «የለም» ስለው፣
«አብሽሪ» አለኝ። የታመመው እሱ፣ የተጽናናሁት እኔ።
ባዶ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና
በሆጤ ቁልቁለት ወረደ፤ ዝናቡም ጀመረ እንደገና።

ዙበይዳ ናት ነገሩን የጫረችው።
ከሰኞ ገበያ የሱቅ ዱቤ መዝገብ ገዝታ መጣች።
«ዱቤ ነው» አለች። «ያለብን ዕዳ ይጻፍ።»
በአንድ ዓምድ የመድኃኒቱ ስም፤
በሌላው፣ የመጣው ከየት፣ የተነሳው በስንት ሰዓት፤
መጨረሻ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ያው ቃል።

ኢንሱሊን፤ ከወረባቦ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሳ።
የሚጥል በሽታ ክኒን፤ ከተንታ፣ በጭነት መኪና።
የአስም ፓፍ፤ ከዚሁ ከቧንቧ ውሃ፣
ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አርፋ።

ልንገረው አንድ ሌሊት በስልኩ መብራት ደመረው።
«መቶ ሰማንያ ስድስት» አለ። «በስድስት ሳምንት።»
ማንም አልመለሰም። ጦሳ ጉሙን አውርዶ
የዶርማችንን መስኮት ደፍኖት ነበር፤
የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ከቁጥሩ በቀር።

ጤና መምሪያ ሦስት ሰኞ ተመላለስን።
በአንደኛው ስብሰባ፣ በሁለተኛው ሥልጠና፤
በሦስተኛው ኃላፊው በራፍ ላይ ቁልፍ እየፈለጉ፣
«ተማሪ አይደላችሁ እንዴ? ገና!
ፖሊሲ የሚያወጣ ሌላ፣ ክኒን የሚቆጥር ሌላ።»

ክኒን የሚቆጥር። አዎ፣ ጌታዬ፣ ቆጥረናል፤
አምስት አምስት እያልን፣ በሰማያዊው ትሪ ላይ፣
ጣታችን ሌላ ሥራ የማያውቅ እስኪመስል።
የጎደለውን ታዲያ
ሲቆጥር ከዋለ ሰው በላይ ማን ያውቀዋል?

ይህን ግን አልተናገርኩም። ጉሮሮዬ ደረቀ።
ዙበይዳ መዝገቡን ዘርግታ አንድ ገጽ ሳትገልጥ
ኃላፊው እጃቸውን አወናጨፉ፤
«የለም፣ የለም! አሠራሩ እንዲህ አይደለም!»
እሷም ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። እዚያው ቆማ ጻፈች፦
ጆሮ፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ በእግር፣ ሦስት ሰኞ። የለም።
«መቶ ሰማንያ ሰባት» አለ ልንገረው በዝግታ።
«ሁለት ጊዜ ነው ያሉት» አለች። «ስምንት በለው።»

ሳቁ፤ ሳይወዱ፣ በአፍንጫቸው። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ።
መነጽር አደረጉ። አንድ ገጽ፤ ሌላ ገጽ።
ወረባቦ ላይ ጣታቸው ቆመ። ለብዙ ጊዜ ቆመ።
«ኮፒ አድርጋችሁ አምጡልኝ። የበጀቱ ስብሰባ ሐሙስ ነው።»

ሮጥን። በኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ጸሐፊ
ማሽኑን መታ መታ አደረገችና ቀና አለች፤
«ቀለም…»
ሦስታችንም ጨረስንላት፤ «የለም!»

ሌሊቱን በእጃችን ገለበጥነው።
ወደ ንጋት ላይ ቃሉ ቃል መሆኑ ቀረብኝ፤
«የ» ጎበጥ ብሎ ምርኩዙን ተደግፎ፣
«ለ» በሁለት እግሩ ወረፋ ቆሞ፣
«ም» ሁለት ፌስታል አንጠልጥላ፣
እየተከታተሉ በገጹ ላይ አለፉ።

ሐሙስ አደረስነው። የተወሰነውን አልሰማንም።

ዛሬ ዓርብ ነው። የኩታበሩ ሰውዬ
ያንኑ ፌስታል መስኮቱ ላይ ዘረጋ።
«የለም» አልኩት፤ መዝገቡንም ሳብኩ።
«ስንት ሰዓት ተነሱ?»
ነገረኝ። ጻፍኩ። አልሄደም።
«ስሜንስ?»
«ስም አንጽፍም፣ አባቴ።»
«ጻፊው» አለ፣ በፍርግርጉ ጣቱን አሾልኮ።
«ሐሚድ እንድሪስ። በሐመሩ ሐ ነው፤
ሲያነቡት እንዳይሳሳቱ።»